ግራ እጅ ከቀኝ በላይ

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ዋና ዳኛው ሲገደል በአዳራሹ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የነበሩት እነዚህ ናቸው፦ ሁለተኛው ዳኛ፣ የሥርጭቱ አለቃ፣ ተንታኙ፣ በዚያን ቀን የተወዳደረችው ልጅ፣ እናቷ እና የጽዳት ሠራተኛዋ። ከስድስቱ መካከል ፒያኖ እወዳለሁ የማትለው የጽዳት ሠራተኛዋ ብቻ ነበረች። ሬሳውን አግኝታ የጮኸችውም እሷው ናት። የቀሩት ሲሰበሰቡ ከአፋቸው የወጣው የመጀመሪያ ጥያቄ «የማታው ሥርጭት ይቀራል እንዴ?» የሚል ነበር።

ውድድሩ የፒያኖ ነው። አዳራሹ ውስጥ ግን ሰው አይገባም። ሰው ያስላል፣ ካሜራ አያስልም ተብሎ ስለተወሰነ ወንበሮቹ በጨርቅ ተሸፍነዋል። ተወዳዳሪው ለተሸፈነ ወንበር ይጫወታል፤ ዓለም ደግሞ በየቤቱ ተጋድሞ፣ እየበላ፣ ጥፍሩን እየቆረጠ በኢንተርኔት በቀጥታ ያያል። ጨዋታው ሲያልቅ ተንታኙ ሳይታይ፣ በድምፁ ብቻ፣ ዓለም ምን እንደተሰማው ለዓለም ይነግራል። ዓለምም «እውነት ነው» ብሎ ከሥር ይጽፋል።

መርማሪዋን በመምሪያው «መርፌ» ይሏታል። ስለቀጠነች አይደለም፤ ደረጃ ስትወጣ የምታለከልክ ወፍራም ሴት ናት። ሰው ሲያወራ ዝም ብላ ቆይታ ድንገት ስለምትወጋ ነው። አብሯት የመጣው ሳጅን ጡረታው የደረሰ፣ ከሙዚቃ መሣሪያ ሁሉ የሰልፍ ከበሮ ብቻ የሚያውቅ ሰው ነበር።

ዋና ዳኛው በዳኞች ክፍል ምንጣፍ ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። የተመታው ማጅራቱን ነው። አጠገቡ የዘንድሮው ዋንጫ ወድቋል፤ መቆሚያው ከባድ እብነ በረድ ሲሆን፣ አሻራ እንዳይገኝበት ደህና ተደርጎ ተጠርጓል። ሟቹ በሕይወቱ ሳለ ለሚያናግረው ሰው ጀርባውን ይሰጠው ነበር። ንቀቱን የሚገልጸው እንዲህ ነው። ገዳዩ ይህን ልማድ አመቺ ሆኖ አግኝቶታል።

የሥርጭቱ አለቃ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

«ዋንጫውን መቼ ትመልሱልናላችሁ?» አለ። «ማታ ካሜራ ፊት መቆም አለበት።»

«ሰው የተገደለበት ዕቃ እኮ ነው» አለች መርማሪዋ።

«ገብቶኛል። በሌላው ጎኑ እናዞረዋለን።»

መርማሪዋ ወደ ሥራ ክፍሉ ይዛው ሄደች። ጠባብ ክፍል ናት፤ ስክሪኖች ተደርድረውባታል፤ ለድምፅ ጥራት ሲባል በፎቁ ሁሉ ማቀዝቀዣው ስለጠፋ እንደ ምድጃ ትፋጃለች።

«እስኪ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

«ልጅቷ ተጫውታ ጨረሰች። እንዲያውም ካሰብነው ቀድማ ጨረሰች፤ ክፍተቱን በማስታወቂያ ሞላሁት፣ እግዜር ይስጣት። ዋና ዳኛው ዳኞች ከሚቀመጡበት ሰገነት ተነስቶ ወደ ክፍሉ ሄደ። ለተንታኙ በማዳመጫው ‹ቀጥል› አልኩት፣ ‹እሺ› አለኝ፣ ቀጠለ።»

«ከዚያስ?»

«ሴትዮዋ ጮኸች። እዚህ ድረስ ተሰማ። እኔ ‹ጨርስ! ጨርስ!› እለዋለሁ፣ እሱ ‹የነፍስ ጠል› ይላል። ‹ሰው ሞቷል!› እለዋለሁ፣ እሱ ‹ምን ያለ ሕይወት!› ይላል። ሲብስብኝ ራሴ ቆረጥኩት።»

«አልሰማዎትም?»

«እሱ? አንዴ ከጀመረ እናቱ ከመቃብር ብትጠራውም አይሰማም። ለምደነዋል።»

«እርስዎ ያኔ ከዚህ ክፍል አልወጡም?»

«ካሜራውን ማን ይቀያይረው? ቅጂው ይኸው፣ ይዩት። አላቋረጥኩም።»

«ስንት ሰው እያየ ነበር?»

«ሁለት መቶ ሺህ።»

መርማሪዋ ዓይን ዓይኑን አየችው።

«አርባ ሺህ» አለ ሰውየው ላቡን እየጠረገ። «ቀሪውን እኛ ነን የምንጨምረው። ሁሉም ይጨምራል! ከዚህ ጋር ግን ምን አገናኘው?»

«ዋና ዳኛው ያውቅ ነበር?»

«ምን የማያውቀው ነገር አለ? ዛሬ ጠዋት ሻይ ላይ ‹ማታ ውጤቱን ከማንበቤ በፊት ስለ አንድ ውሸታም ለዓለም እነግራለሁ› አለ። ሁላችንም ሻያችንን አስቀመጥን።»

ሁለተኛው ዳኛ ተመልሰው በሰገነቱ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ተገኙ። ጥሩ ልብስ የለበሱ ሽማግሌ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየውድድሩ ዋና ዳኛው ያለውን ሁሉ ሲያጸድቁ ስለኖሩ ተማሪዎች «ጋሽ እሺ» ይሏቸዋል።

«ልጅቷ እንዴት ተጫወተች?»

«ድንቅ! በተለይ ያ የመሃሉ ዝግተኛ ክፍል። ከፍተኛውን ነጥብ ሰጠኋት።»

«ዋና ዳኛውስ ምን አለ?»

«ምንም። ልጅቷ ስትጨርስ ፈገግ ብሎ ተነስቶ ሄደ። ፈገግታው ግን ደስ አላለኝም።»

«ማታ የሚናገረው ስለ ማን እንደሆነ ነግሮዎት ነበር?»

«ነግሮኝ ነበር…» አሉ ግንባራቸውን እያሹ። «ስለ አንድ የድሮ ቅጂ ነገር ነው። ማን ተጫወተው፣ ማን አልተጫወተው… እኔ ‹እሺ፣ እሺ› እላለሁ እንጂ አልሰማሁትም።»

«ሲገደል እርስዎ የት ነበሩ?»

ጋሽ እሺ አቀረቀሩ። መልሱን ሳጅኑ ሰጠላቸው።

«ካሜራው ይዟቸዋል፣ ኢንስፔክተር። ከልጅቷ ጨዋታ ጀምሮ ጩኸቱ እስኪሰማ፣ ዋና ዳኛው ሲነሳ ለአፍታ ከመንቃታቸው በቀር፣ አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል።»

ተንታኙ በጠባቧ የትንተና ክፍል ውስጥ ጠበቃቸው። ክፍሏን ከዳኞች ክፍል የሚለያት ኮምፖርሳቶ ብቻ ነው። ተንታኙን ሰዎች «አፈ ማር» ይሉታል፤ እሱም ስሙን ይወደዋል። ግድግዳው ላይ በሃያ ዓመቱ ያወጣው ዝነኛ የፒያኖ ቅጂ ሽፋን በመስታወት ተሰቅሏል። ከዚያ ቅጂ ወዲህ ጣቱ ሰው ፊት ፒያኖ ነክቶ አያውቅም፤ ምክንያቱን ሲጠይቁት «ክብሬን ለመጠበቅ» ይላል። ሙቀቱ ትንፋሽ ያሳጣል። የሥርጭቱ አለቃ በሸሚዝ ነው፣ ጋሽ እሺ በሸሚዝ ናቸው። አፈ ማር ግን ኮቱን እንደለበሰ ተቀምጦ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል።

«እመቤቴ» አለ፣ «በእኔ ጊዜዎን አያጥፉ። ሰውየው ሲገደል እኔ ለሁለት መቶ ሺህ ሕዝብ እየተናገርኩ ነበር።»

«ለአርባ ሺህ» አለ ሳጅኑ።

አፈ ማር ከሰው ሞት ይልቅ በዚህ ደነገጠ።

«ምን ነበር የሚናገሩት?» አለች መርማሪዋ።

«ስለዚያች ግራ እጅ! በመሃሉ ዝግታ ላይ ግራ እጇ ከቀኟ በላይ ቀስ ብላ ስትሻገር፣ ወፍ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እንደምታልፍ… እንባዬን መቆጣጠር አልቻልኩም።»

«በዚህ ስክሪን ነው ያዩት?»

«በዓይኔ በብረቱ!»

«ሞቆዎታል። ኮትዎን ለምን አያወልቁም?»

«ይመቸኛል» አለና እጀታውን ወደ ታች ሳብ አደረገ።

ልጅቷና እናቷ በመለማመጃው ክፍል ነበሩ። ልጅቷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቷ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ከፒያኖው ጋር አጣብቃ ያሳደገቻት መምህሯም ናት። ይህን ውድድር ካሸነፈች ትልቁ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ይቀበላታል፤ ካላሸነፈች ዕድሜዋ ስለሚያልፍ ሁለተኛ ዕድል የላትም። አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሯል። እናትየው ልጇን ፍለጋ በኮሪደሩ ላይ የጽዳት ሠራተኛዋን አስቁማ ስታነጋግር፣ ልጅቷ ከዳኞች ክፍል ሮጣ ስትወጣ ሁለቱም አይተዋታል። ሠራተኛዋ ምን ሆነች ብላ ወደ ክፍሉ ገብታ ነው የጮኸችው።

ሳጅኑ ስልኩን እያጠፋ መርማሪዋ ጆሮ ላይ ጎንበስ አለ።

«አለቃችን ናቸው። ‹ምን ትጠብቂያለሽ? ልጅቷን ይዘሽ ነይ› ይላሉ። ከሥርጭቱ በፊት ካላለቀ ስማችን ይጠፋል አሉ።»

«ልጄ ፍጹም አድርጋ ነው የተጫወተችው!» አለች እናትየው ከወንበሯ ተነስታ።

«ስለ ጨዋታዋ ማን ጠየቀዎት?» አለች መርማሪዋ። ወደ ልጅቷ ዞረች። «ዳኛው ጋ ለምን ሄድሽ?»

ልጅቷ እናቷን አየች።

«ልታመሰግነው ነው» አለች እናትየው።

«እሷን ነው የጠየቅኳት።»

«ላመሰግነው ነው» አለች ልጅቷ በቀጭን ድምፅ። «አንኳኳሁ፣ ዝም አለኝ። ስከፍተው ወድቋል። ምንም አልነካሁም።»

«ለምን ሰው አልጠራሽም?»

ልጅቷ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከተተች።

«የዛሬውን ቅጂሽን አይተሽዋል?»

«አላይም! አታሳዩኝ!»

«ትሑት ናት» አለች እናትየው ፈጠን ብላ። «እህቴ፣ አንቺ ሙዚቃ አይገባሽም፣ አይፈረድብሽም። ያንን ዝግተኛ ክፍል ግራ እጇን በቀኟ ላይ አሻግራ እንድትጫወተው ያደረግኩት እኔ ነኝ። የትም አገር ማንም እንደዚያ አይጫወተውም። እስከ ዛሬ ጠዋቱ ልምምድ ድረስ ለሰው አላሳየነውም ነበር።»

«ጠዋት ማን ሰማ?»

«ተንታኙ ብቻ። አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲጽፍ ነበር።»

«ከቀትር በኋላም እንደዚያው ተጫወተችው?»

«እንደዚያው» አለች እናትየው። ይህን ስትል ግን መስኮቱን እያየች ነበር።

መርማሪዋ ወደ ሥራ ክፍሉ ተመልሳ የሥርጭቱን አለቃ አስወጣችውና የልጅቷን ቅጂ ከፈተች። ካሜራው ከላይ ሁለቱን እጆች ብቻ ያሳያል። ከሥሩ የተመልካቾች አስተያየት ይፈሳል። አንዱ «ግራ እጇ ስትሻገር አለቀስኩ» ይላል። ሌላው «እኔም! ሠራተኛዬም አለቀሰች» ይላል። ሦስተኛው ያለቀሰው አውቶቡስ ውስጥ እንደሆነ ያስረዳል። ሁሉም የጻፉት ተንታኙ ከተናገረ በኋላ ነው።

«ምን ፈልግ ትይኛለሽ?» አለ ሳጅኑ።

«ግራ እጅ። ቀኙን ሲሻገር ካየህ ንገረኝ።»

እስከ መጨረሻው አዩት። መልሰው እንደገና አዩት።

«ኢንስፔክተር፣ ሰልፍ ሜዳ ላይ ግራና ቀኝ በጥፊ ነው የተማርኩት፣ አልሳሳትም። ይሄ ግራ እጅ ከቦታው አልተነሳም።»

«እኔም አላየሁም» አለች መርፌ። «ሁሉንም መድረክ ላይ ጥራልኝ።»

ከተሸፈኑት ወንበሮች ፊት፣ ፒያኖውን ከበው ቆሙ። የሥርጭቱ አለቃ «ካሜራ ልክፈት?» ሲል ሳጅኑ በዓይኑ መለሰለት።

«ዋና ዳኛው ሲገደል» አለች መርማሪዋ፣ «የሥርጭቱ አለቃ ካሜራ ይቀያይር ነበር፤ ቅጂው ይመሰክርለታል። ጋሽ ዳኛ ተኝተው ነበር፤ ለዚህም ቅጂ አላቸው። እናትየውና የጽዳት ሠራተኛዋ ኮሪደር ላይ አብረው ነበሩ። የቀሩት ልጅቷና ተንታኙ ናቸው። ተንታኙ ደግሞ በቀጥታ ሥርጭት እየተናገረ ነበር። ስለዚህ ልጅቷ ናት፤ አለቃዬም እንዲህ ነው የሚሉት።»

«እሰይ!» አለ አፈ ማር፣ ቶሎ ብሎም ፊቱን አጠቆረ። «ማለቴ፣ ያሳዝናል።»

«አንቺ ልጅ» አለች መርማሪዋ፣ «ግራ እጅሽን የት አደረግሽው?»

«አትመልሺላት!» አለች እናትየው። «አንዲት ቃል እንዳይወጣሽ! የአሥራ አምስት ዓመት ልፋት ነው፣ ሰምተሻል?»

«እስር ቤት ፒያኖ የለም፣ እትዬ» አለ ሳጅኑ።

ልጅቷ ወደ ፒያኖው ዞረች።

«ዘለልኩት» አለች። «ዜማው ሁለት ጊዜ ይመጣል። በመጀመሪያው ወደ ዝግታው ይገባል፣ በሁለተኛው ወደ ማለቂያው። እኔ በመጀመሪያው ወደ ማለቂያው ገባሁ። ዝግታውን አልተጫወትኩትም። ዋና ዳኛው ፈገግ ሲል ማታ ለዓለም የሚናገረው በእኔ ላይ ነው ብዬ ልለምነው ሄድኩ። ሰው ያልጠራሁት ለምን መጣሽ እንዳልባል ነው።»

እናትየው የፒያኖው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ጋሽ እሺ በጨርቅ ከተሸፈኑት ወንበሮች አንዱን መረመሩ።

«ጋሽ ዳኛ በእንቅልፍ ላይ ሆነው ያደነቁት ክፍል አልነበረም» አለች መርማሪዋ። «አርባ ሺህ ሰው ያለቀሰበትም አልነበረም። እርስዎ ግን» ወደ አፈ ማር ዞረች፣ «በዓይንዎ በብረቱ አይተውታል።»

አፈ ማር ሳቀ። «በቃ ተያዝኩ! አላዳመጥኩም፤ ጠዋት ልምምዱን ሰምቼ ስለነበር በቃሌ ተናገርኩ። ሁሉም ተንታኝ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። አለማዳመጥ ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ወንጀል ቢሆን እዚህ ከሠራተኛዋ በቀር የሚተርፍ የለም። በቃልዎ ሲናገሩ ክፍልዎ ውስጥ ነበሩ?»

«ታዲያ የት?»

«ከኮምፖርሳቶው ወዲያ ሴት ስትጮህ አንዲት ቃል አልተደናቀፈብዎትም። አለቃው በማዳመጫዎ ‹ጨርስ፣ ሰው ሞቷል› ሲልዎ አልሰሙም።»

«መስመሩ ተቋርጦ ነበር።»

መርማሪዋ የሥርጭቱን አለቃ አየችው።

«አንድ መስመር ነው» አለ አለቃው ቀስ ብሎ። «የእሱ ድምፅ የሚወጣውም፣ የእኔ የሚገባውም በዚያው ነው። ተቋርጦ ቢሆን ኖሮ ድምፁ አይወጣም ነበር።»

«ድምፁ ወጥቷል። ክፍሉ ውስጥ ጆሮ ግን አልነበረም» አለች መርፌ። «ጠዋት ልምምዱን ሰምተው ንግግርዎን ኮምፒውተርዎ ላይ ቀዱት። ከቀትር በኋላ ‹ቀጥል› እስኪባሉ ጠበቁ፣ ‹እሺ› አሉ፣ ቅጂውን ከፍተው ወጡ። ዋና ዳኛው ማታ ሊናገር የነበረው ስለ አንድ የድሮ ቅጂ ነው፤ ማን እንደተጫወተውና ማን እንዳልተጫወተው። እዚህ ሕንፃ ውስጥ በድሮ ቅጂ የሚኖር ሰው አንድ ብቻ ነው፣ ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል፤ የተጫወተው ግን ሌላ ሰው ነው። ገብተው ለመኑት። ጀርባውን ሰጠዎት። ዋንጫውን በሸሚዝዎ እጀታ ጠረጉት፤ ጩኸቱ ሲሰማ ክፍልዎ ውስጥ ሳይሆን መታጠቢያ ቤት እጀታዎን እያጠቡ ነበሩ። ልጅቷ እየተጫወተች ጆሮዎ ላይ ማዳመጫ ነበር፣ ዓይንዎ ፊት ስክሪን ነበር። በዕድሜዎ አንዴ ብቻ ቢያዳምጡ ኖሮ አይያዙም ነበር። ኮትዎን ያውልቁ።»

አፈ ማር አፉን ከፈተ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ ነገር አጣ። ኮቱን ሳጅኑ አወለቀለት። የቀኙ ሸሚዝ እጀታ በሳሙና ታጥቦ ተጨማድዷል፤ ከክርኑ በታች ያለው ቡናማ ነገር ግን አልለቀቀም።

«የሰው ነገር ሊያወራ!» አለ አፈ ማር። «እሱ ራሱ መቼ ተጫውቶ ያውቃል?»

ወሰዱት። መድረኩ ላይ የቀሩት የሚተያዩበት ፊት አልነበራቸውም። ልጅቷ እናቷን በእጇ ነካ አድርጋ ከፒያኖው ወንበር አስነሳቻትና ተቀመጠች። ያንን የዘለለችውን ክፍል ጀመረችው። ግራ እጇ ቀስ ብላ ከቀኟ በላይ ተሻገረች።

«ይኸው» አለ ሳጅኑ በር ላይ ቆም ብሎ። «አሁን ተሻገረ።»

የሥርጭቱ አለቃ «ቆይ! ቆይ! ካሜራ!» እያለ ወደ ሥራ ክፍሉ ሮጠ። መብራቱ ሲበራ ልጅቷ የፒያኖውን ክዳን ዘግታ ተነስታ ነበር።

ተንታኙ በዚያው ዕለት ታሰረ፤ ጠዋት የቀዳው ንግግር ኮምፒውተሩ ውስጥ ተገኘ። ጋሽ እሺ የሰጡትን ነጥብ እንዲሰርዙ ተጠይቀው «እሺ» አሉ። ልጅቷ ከውድድሩ ወጥታ ከእናቷ ጋር ሳይነጋገሩ በአንድ ታክሲ ወደ ቤታቸው ሄዱ። የማታው ሥርጭት በተውሶ ዋንጫ በሰዓቱ ተላለፈ። ከቀትር በኋላ የተቀዳው ቅጂ ከኢንተርኔት አልወረደም፤ ሰዎች ከሥሩ ስለ ግራ እጇ መጻፋቸውን ቀጠሉ።